ያበጠው ክዳን

ፀደይ ልጇን ሶሊያናን ዛሪማ ከተማ እናቷ ዘንድ ትታ ጎንደር ለትምህርት ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከዚህ ውስጥ አሥራ አራቱን ወር የበላባት አንድ ጠርሙስ ነው።

ጠርሙሱ ቤተ ሙከራው ውስጥ በጎማ ክዳን ተደፍኖ፣ የአዘዞ ጥቁር አፈር ይዞ ተቀምጧል። አፈሩ አርባ ዓመት ሙሉ ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት ከኖረ ጋራዥ የተዛቀ ነው። እዚያ ውስጥ ያለ አየር የሚኖሩ፣ የቤንዚንን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ምግብ ጠፍቶ ነው እንጂ ይሄንን ማን ይበላል! ለዚህ የሚያበቃቸው ጂን፣ ማለትም ዘረ መል፣ እንዳላቸው ፀደይ አስቀድማ አረጋግጣለች። ግን መኖሩ ብቻውን ምን ይረባል? ጓዳ የተሰቀለ ማጭድ እህል አያጭድም። ጂኑ ሥራ ላይ መሆኑን ማሳየት አለባት። ባክቴሪያዎቹ ሲበሉ ጋዝ ያወጣሉ፣ ክዳኑም ያብጣል፤ ያኔ ናሙና ወስዳ ሥራዋን ትጨርሳለች፣ ልጇንም ታመጣለች። አየር ከገባ ግን አለቀ። ጋራዡ ፈርሶ ፎቅ ስለተሠራበት ሌላ አፈር አይገኝም።

እሷም አብራቸው ታፍና ከረመች። ጠዋት ገብታ ክዳኑን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ያው ጠፍጣፋ ነው። ማታም ያው። መንገዱ ሲዘጋማ ዛሪማ ደርሶ መመለሱም ቀረ። ሶሊያና በስልክ የምትጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «እማዬ፣ ክዳኑ አበጠ?»

ጉንፋን አራት ቀን አልጋ ላይ ጥሏት በአምስተኛው ስትመለስ፣ ጥበቃው አያ ቢሻው በሩ ላይ እየሳቁ ተቀበሏት።

«እንኳን እግዜር ማረሽ! ያ ጠርሙስሽ ሊፈነዳ ነበር እኮ። ትናንት ክዳኑ ተወጥሮ ባየው በወስፌ ወጋሁት፤ እፍፍ አለ። ከዚያ ከፍቼ አናፈስሁልሽ።»

አያ ቢሻው የመካነ ብርሃን ሰው ናቸው። እዚያ የእህል ጉድጓድ ተከፍቶ ሳይናፈስ ማንም አይገባበትም፤ ታላቅ ወንድማቸው ቸኩሎ ገብቶ ታፍኖ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የታፈነ ነገር ሲያዩ እጃቸው አያርፍም።

ፀደይ ሮጣ ገባች። ጠርሙሱ አፉን ከፍቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልትጮህባቸው ፈለገች፤ ያ ወንድማቸው ትዝ ሲላት ተወችው። ደግ ሰው ያጠፋውን ለማን ይከሱታል!

«ምነው ልጄ? ሸጋ አላደረግሁም?»

«ሸጋ ነው፣ አያ» አለች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

«አልተሻለሽም። አየር ያስፈልግሻል» ብለው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱላት።

ስልኳ ጠራ። ስታነሳው የሶሊያና ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«እማዬ፣ ክዳኑ አበጠ?»

አያ ቢሻው እጃቸው መስኮቱ ላይ እንዳለ ዞሩ። ጠርሙሱን አዩ፤ እሷን አዩ።

«ማበጡን ነበር የምትጠብቁት?» አሉ ቀስ ብለው።

ፀደይ ፊቷን ወደ ስልኩ መለሰች። «ገና ነው፣ የኔ እናት» አለች ለልጇ።

አያ ቢሻው መስኮቱን መልሰው ዘጉት።