ለቅዱስ ማርቲን ቀን የተቀመጠ ቃል

አባ ኡባልዶ ላፖንና ጌማን በድብቅ ያጋቧቸው ገና የወይን ለቀማ ሳያልቅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ የጓሮ ክፍል፣ ያለ ዘፈን፣ ያለ ድግስ። ላፖ የላይኛው ሰፈር ልጅ፣ ጌማ የታችኛው። ሁለቱንም ፊደል ያስቆጠሯቸው እሳቸው ናቸው። ሰፈሮቹ ግን አያቶች በጀመሩት ደም ሃያ ሰባት ዓመት ተገዳድለዋል።

«አባ፣ ለሰው ይንገሩልን እንጂ! የገዛ ሚስቴን እንደ ሌባ በአጥር ነው የማያት» ይላቸዋል ላፖ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ። በቅዱስ ማርቲን ቀን ሕዝቡ አዲሱን ወይን ሊያስባርክ ሲሰበሰብ እነግራቸዋለሁ። አባቶቻችሁ መሠዊያው ፊት ይሳሳማሉ፤ ደሙም ይደርቃል።»

እውነቱን ለመናገር፣ አባ ያችን ቀን በልባቸው ደግሰው ጨርሰዋል። የሚሰብኩትን ስብከት በግቢው እየተንጎራደዱ ያጠኑታል፤ የትኛው ሽማግሌ ቀድሞ እንደሚያለቅስ እንኳ ያውቁታል። ደግ ሰው ናቸው፣ ማንም አይክድም። ደግነታቸው ግን ተመልካች ይወድ ነበር።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው የጌማ ወንድም ኔሪ ለንስሐ መጣ።

«አባ ይፍቱኝ። ገና ያልሠራሁት ኃጢአት ነው።»

«ያልተሠራ ኃጢአት አይፈታም። ምንድን ነው?»

«ላፖ በእህቴ ደጅ ሲያንዣብብ ታይቷል። ነገ እህል ሊያስፈጭ ሲወርድ ድልድዩ ላይ እጠብቀዋለሁ።»

«ተው! በፈጠረህ!»

«ስማችን በየመንደሩ ሲነሳ ዝም ልበል? እርስዎ እህት የለዎት፣ ምን ይሉኝታ አለብዎት!»

የእህትህ ባል ነው። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ። ቢናገሩት የንስሐ ምስጢር አላወጡም፤ ጋብቻውን ከማንም አልሰሙት፣ ራሳቸው ናቸው የፈጸሙት። ኔሪ ይህን ቢሰማ ይናደድ ነበር፣ ይሳደብ ነበር። የገዛ እህቱን መበለት የሚያደርግ ወንድም ግን በዚያ አገር አልታየም። አባም ይህን ያውቃሉ። ነገር ግን ኔሪ በቁጣ ወጥቶ ወሬውን በገበያ ሲዘራው፣ ስብከታቸው ባዶ ሲቀር ታያቸውና ቃሉን ዋጡት።

«እስከ ማርቲን ቀን ብቻ ታገሥ። ማልልኝ።»

ኔሪ ሳይምል ወጣ።

በንስሐ የሰሙትን ለላፖ መንገር አይችሉም። ስለዚህ «ነገ በጠዋት መጥተህ የደወሉን ገመድ ቀይርልኝ» ብለው ላኩበት። ላፖ ሳቀ። «አባ ደግሞ በዓል ሲደርስ ሥራ መፍጠር ይወዳሉ! አስፈጭቼ እመጣለሁ በሏቸው» አለ። ረፋዱ ላይ ኔሪ ድልድዩ ላይ ወግቶ ገደለው።

በማግሥቱ ሬሳው መሠዊያው ፊት ተቀመጠ፤ ሁለቱ ሰፈሮች ጎራዴ ታጥቀው ግራና ቀኝ ቆሙ። አባ ኡባልዶ ያጠኑት ስብከት ሁሉ ጠፋባቸው።

«ይህ ልጅ የጌማ ባል ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ያጋባኋቸው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለች የላፖ አክስት። ከዚያ ወዲያ የተሰማው የኔሪ ጩኸት ነው፤ ድንጋዩ ላይ ተደፍቶ ፊቱን ቧጠጠ። የላፖ አባት የጌማን ጥቁር ልብስ አየ፣ የጌማ አባት ሬሳውን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሬሳው በላይ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ጎራዴዎቹ መሬት ላይ ተጣሉ። ሃያ ሰባት ዓመት እምቢ ያለው እርቅ በአንድ ቅዳሴ ሆነ፤ ሕዝቡም «የሰላም አባት!» እያለ የአባ ኡባልዶን እጅ ለመሳም ተጋፋ።

ጌማ መጨረሻ ላይ መጣች። አላጎነበሰችም።

«ወንድሜ ከትናንት በስቲያ እርስዎ ዘንድ ንስሐ እንደ ገባ ነግሮኛል፣ አባ።»

«ልጄ፣ የንስሐ ነገር እኮ...»

«የእሱን ምስጢር ይጠብቁ። እኔ የምጠይቅዎ የራሴን ነው። ‹የእህትህ ባል ነው› ማለት ምን ያህል ይከብዳል?»

ሊዋሹ አስበው ነበር። ዓይኗን ሲያዩ አልሆነላቸውም።

«በዓሉን እየጠበቅሁ ነበር» አሉ።

ጌማ የሚያለቅሰውን፣ የሚሳሳመውን ሕዝብ ዞር ብላ አየች።

«እንኳን አደረሰዎት» አለችና ወደ ባሏ ሬሳ ተመለሰች።