በግራ ዓይን ቢጫ

አማቴ እማማ ደጊቱ የሰንበት ልብሳቸውን ባጠብኩላቸው ቁጥር «ይኸ ምኑ ነጭ ነው? ቢጫ አድርገሽ አመጣሽልኝ!» ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ አስቻለች፣ ቀን ፋብሪካ ውዬ፣ ማታ እጄ እስኪላጥ አሽቼ! እኔ ሳየው ወተት የመሰለ ነው። ባሌ ስመኘው ደግሞ «ለኔ ነጭ ነው፤ ለእሷ እንጃ» ብሎ ይሸሻል። ወንድ!

የሚያንገበግበኝ ቁጣቸው አይደለም፤ ስሜ ነው። ዘመድ ሁሉ «የደጊቱ ምራት ልብስ ማጠብ አታውቅም» ይላል። መጨረሻ ላይማ የገዛ ዓይኔን መጠርጠር ጀመርኩ። «እሳቸው ነጭ የሚሉትና እኔ ነጭ የምለው የተለያየ ይሆን እንዴ?» እያልኩ አውቶቡስ ላይ አስባለሁ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቼ በዓይናቸው አላይ ነገር!

ባለፈው ሳምንት ቀኝ ዓይናቸውን የጋረደው ሞራ በኦፕራሲዮን ወጣላቸው። ግራው ገና ተራ ይጠብቃል። መሸፈኛው በተነሳ ማግስት ልብሳቸውን አጣጥፌ ሰጠኋቸው፤ ስድቡንም እየጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አዩት፤ ከዚያ ግራውን ሸፍነው አዩት።

«አስቻለች፣ ሁለት ልብስ ነው እንዴ?»

«ኧረ አንድ ነው፣ እማማ።»

«በግራዬ ቢጫ፣ በቀኜ ነጭ! ወይ ጉዴ!»

እኔም ዓይኖቼን እያፈራረቅሁ ሸፈንኩ። ያ ሲያሰድበኝ የኖረው ቢጫ ምን ይመስል ይሆን? አልታየኝም። ለካ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት! እፎይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ እንባዬም መጣ።

ወዲያው ካርሜ ጋት ሰፈር ለሚኖሩት እህታቸው ደወሉ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው።

«ይሻሽ፣ ምራቴን ያማኋት በከንቱ ነው። ጥፋቱ የዓይኔ ነው።»

«ኧረ አንቺስ ታድለሻል!» አሉ እትዬ ይሻሽ። «የኔዋ ምራት ያርደን ናት እንጂ ነጠላዬን ሁሉ ቢጫ አድርጋ የፈጀችው!»

እማማ እኔን አዩኝ፤ እኔም እሳቸውን። «ይሻሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ዓይንሽን ታዪ።»

እኔ ግን እስከዚያ መጠበቅ አልቻልኩም። በረንዳ ወጥቼ ለያርደን ደወልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«እህቴ፣ ማሸቱን ተዪው» አልኳት። «ባለፈው ሰንበት አማትሽ ለብሰውት አይቻለሁ። ነጠላው ነጭ ነው።»

እሷም በቀጭን ድምፅ፣ «አንቺም ነጭ ሆኖ ነው የሚታይሽ?» አለችኝ።