የማርቆስ ጨው

ያን ሰሞን ቤዛ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ሆዷ ውስጥ የገባው እንባ አልነበረማ። አንዲት ሴት ነበረች የገባችው፤ እህት ኤልሣቤጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤዛ ልጅ ማርቆስ ገና በአራስነቱ የጠባውን እየመለሰ ከሳ፣ ከሳ፣ ዓይንና ጆሮ ብቻ ሆነ። ሙስተሽፋ፣ ሆስፒታል፣ ይዛው ስትሮጥ ሐኪሞቹ ነገሩን አገኙት። ከኩላሊቶቹ ላይ የተቀመጡት ዕጢዎች ሥራቸውን አያውቁም፣ የልጁ ገላ ጨው አይዝም፣ ያለው ሁሉ በሽንቱ ይወጣል አሏት። ከእናትም ከአባትም የወረሰው ነው፤ ጨርሶ አይድንም፤ መድኃኒቱ ካልተቋረጠ ግን እንደ እኩዮቹ ያድጋል። እየደቆሰች የምትሰጠው ኪኒን ሰጧት። ደግሞ ጨው። አዎ፣ ጨው፤ በውሃ ተበጥብጦ፣ ተለክቶ፣ ወተቱ ላይ የሚጨመር።

ቤዛ ኩዌት ከተማ፣ ሚርቃብ ሰፈር ጸጉር ቤት ትሠራለች፤ ባሏ ባርናባስ የካምፓኒ ሾፌር ነው፤ ቤታቸው ማህቡላ። ልጁን ለማን ጥለው ይሂዱ? ኤልሣቤጥ ሳባህ አል-ሳሌም ባለው ቤቷ የሐበሻ ልጆች ትይዛለች። ዓርብ ዓርብ እነ ቤዛ ያሉበት የጸሎት ኅብረትም የሚሰበሰበው እሷው ሳሎን ነው። ሴትየዋ ንጹሕ ናት፣ እጇ ለልጅ ይመቻል፣ ይሄን ማንም አይክዳትም። ችግሯ አንድ ብቻ ነው፤ የማታውቀው ነገር የለም። ስለ ኢቃማ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ጠይቃት፣ ታውቃለች። ስለ ሰው ትዳር ሳትጠይቃት ትነግርሃለች።

ቤዛ ጨዉንና ኪኒኑን ስትሰጣት ደጋግማ አስረዳቻት። ኤልሣቤጥ እሺ፣ እሺ አለች፤ ፊቷ ግን እሺ አላለም።

እንግዲህ የኩዌት ነሐሴ ነው፤ አስፋልቱ የሚፈላበት። በዚያው ሳምንት ማርቆስ ዝልፍልፍ አለ። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ዳይፐሩ ደርቆ ይውል ጀመር። ሙስተሽፋ ሲደርሱ ገላው ደርቋል፣ ኩላሊቱም ተጎድቷል ተባለ። ሐኪሟ ቤዛን ዓይን ዓይኗን እያየች ልጁ መድኃኒቱን አላገኘም አለቻት። ቤዛ በእግዚአብሔር ስም ማለች፣ አንድም ቀን አላቋረጥኩም አለች። ሐኪሟ ካርዱ ላይ መጻፏን ቀጠለች። እንደዚያ ያለው ከስድብ ይከፋል።

ልጁ ገና ከሙስተሽፋ ሳይወጣ ሳባህ አል-ሳሌም ወሬው ደርቷል። ኤልሣቤጥ ስልኳን ይዛ በየቤቱ ገባች። ምስኪን ልጅ፣ እናቱ ጨው እያጠጣች ኩላሊቱን አቃጠለችው፤ እኔ አይቻለሁ፣ ግን እናት ናትና ምን ልበላት፣ እያለች። ሚርቃብ ያሉት ደንበኞች ሳይቀሩ ሰሙ። አንዷማ ቤዛ ጸጉሯን እየሠራቻት ልጅሽን ጨው አታብዢበት ብላ መከረቻት።

የባሰው ግን ቤት ውስጥ ነው። ባርናባስ ይሄን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ሐኪሟ መድኃኒት አላገኘም ትላለች፤ ኤልሣቤጥ ጨው በዛበት ትላለች። ሁለቱም ጣት የሚጠቁመው ወደ ሚስቱ ነው። በኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም ስትል የከረመችው እናቱም አገር ቤት ሆሳዕና ሆና ልጄን ላኩልኝ አለች። እሱም ቆረጠ፤ ልጁ ትንሽ ሲያገግም ከሚሄድ ዘመድ ጋር ለእናቱ ሊልከው።

ቤዛ ይሄን የሰማችው ከራሱ አፍ ነው። መድኃኒቱን እዚያ ማን ፈልጎ ያገኝለታል? አማቷ ለጨዉስ ምን ትላለች? ልጄን እንዲሞት ልትልከው ነው አለችው። ባርናባስ ካንቺ ጋር የሆነውን አይተናል አላትና ወጣ።

ያኔ ነው ማህሌት የመጣችው። ማህሌት የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ የእሷም ሴት ልጅ ኤልሣቤጥ ጋ ነው የምትውለው። ቁጭ ብላ ጣቷን ስታፍተለትል ቆየችና ተነፈሰችው። ልጇን ልታደርስ ስትገባ ኤልሣቤጥ የማርቆስን ጨው ቧንቧ ላይ ስትደፋ በዓይኗ አይታለች። ኪኒኑንም። ግን ሰው ፊት አልመሰክርም አለች፤ ልጄን ከቤቷ ብታስወጣብኝ ማዳም እንኳን ልጅ ይዤ ልገባ፣ የልጅ ፎቶም አታስገባኝ።

ቤዛ ማህሌትን አልተቆጣቻትም። ሻይ ቀዳችላት። ከዚያ ለብቻዋ ስታስብ ዋለች። ሄዳ ብትጮህ ኤልሣቤጥ ትክዳታለች፤ ስትክድ ደግሞ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር ነው። የለም፤ እንዲህ ያለችውን ሴት በስድብ አታገኛትም። በምስጋና ነው የምታገኛት።

ዓርብ ደረሰ። መዝሙሩ አለቀ፣ የኅብረቱ መሪ ወንድም ዳንኤል እንደ ልማዱ ምስክርነት ያለው ይቁም አለ። ቤዛ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። ባርናባስ ከወንዶቹ መሃል አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ የቆምኩት እህት ኤልሣቤጥን ለማመስገን ነው» አለች፤ ድምፅዋ ማር ነው። «እኔ ልጅ ማሳደግ የማላውቅ ነኝ። ልጄን እሷ ናት ያተረፈችው ይላሉ። እሷ ግን ትሑት ስለሆነች ያደረገችውን አትናገርም።»

ኤልሣቤጥ ክብሩን ጌታ ይውሰድ ብላ እጇን አርገበገበች።

«የለም እህቴ፣ ተናገሪው። ሌላም እናት ትማርበት።»

ሰው ሁሉ ወደ ኤልሣቤጥ ዞረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ተነሣች፣ ቀሚሷን ሳበች፣ ደረቷን ነፋች።

«እኔማ ያን ጨው ገና ሳየው መንፈሴ አልተቀበለውም» አለች። «ኩላሊት የሚበላ ነገር ለሕፃን! ወስጄ ቧንቧ ላይ ደፋሁት። ኪኒኑንም አብሬ። ንጹሕ ወተት ብቻ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነበር የደፋሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን ነዋ። ታሞ እስክትወስጂው ድረስ እኔ ቤት አንዲት ጠብታ ጨው አልቀመሰም።»

አሜን ተባለ። ባርናባስ ግን የደፋውን አንገት ቀና አድርጎ ሚስቱን አየ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ማሩ ከቤዛ ድምፅ ላይ ያን ጊዜ አለቀ። «ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለች። «የልጄ ገላ ጨው አይዝም። ሐኪሞቹ ያዘዙለት ለዚያ ነው። ኩላሊቱን ጨው አላቃጠለውም፤ ጨው አጥቶ ነው የደረቀው። እኔ ነፍሰ ገዳይ ስባል የከረምኩት በዚች ሴት እጅ ነው።»

ልቤ ንጹሕ ነበር አለች ኤልሣቤጥ።

«ልብሽን ማን ጠየቀሽ?» አለች ቤዛ። «ምላስሽን ነው የምጠይቅሽ። ጨዉን የደፋሽው ባለማወቅ ነው እንበል። ልጁ ከወደቀ በኋላ መድፋትሽን ደብቀሽ በየቤቱ ስሜን ያዞርሽውስ?»

ማህሌት ተነሥታ የልጇን ቦርሳ ከማዕዘኑ አነሣች፤ ከማዳሟ ጋር የሚመጣውን እግዜር ያውቃል ብላ። ሌሎቹም ተከተሏት። ሳምንት ሳይሞላ ያ በልጅ ጫጫታ የሚናጥ ቤት ጭጭ አለ።

ማህቡላ ሲደርሱ ባርናባስ በር ላይ ቁሞ ይቅርታ ሲላት ቤዛ ስልኩን አቀበለችው። እናትህ ጋ ደውል፣ ስፒከር ላይ አድርገው አለችው። ደወለ። ልጁ አይመጣም፣ በሽታውም ከሁለታችን ዘር የመጣ ነው፣ ከኛም ቤት ጭምር፣ ብሎ ላብ በላብ ሆኖ ነገራት። ቤዛ አንድ ቃል እንዳይዘል ጆሮዋን አቁማ ሰማች። ከሙስተሽፋ የወጣው ማርቆስ ሶፋው ላይ ተንጋሎ እግሩን ያወናጭፋል፤ ኩላሊቱ እየተመለሰ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ፣ ገና ግን ይታያል፣ ይመረመራል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወንድም ዳንኤል ኤልሣቤጥን ይዞ ለዕርቅ መጣ። ሴትየዋ ከስታለች። ይቅር በይኝ ብላ ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ቤዛ ያዘቻት።

«ይቅርታ የታዘዘ ነው፤ እምቢ አልልም» አለች። «በስልክ የበተንሽውን ግን በእግርሽ ትለቅሚያለሽ። ወሬው የገባበት ቤት ሁሉ ገብተሽ፣ የሆነውን እንደሆነው ትናገሪያለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ወንድም ዳንኤል ይሄ በቀል ነው አላት። ነው አለችው፤ ሻይ ትጠጣለህ?

ሄዱ። በየደረጃው፣ በየሊፍቱ፣ ኤልሣቤጥ ከፊት፣ ቤዛ ከኋላ። ሰው በር ይከፍታል፣ ግቡ ይላል፤ ኤልሣቤጥ ቁማ ትናገራለች፤ ቤዛ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትሰማለች። የመጨረሻው ሚርቃብ ጸጉር ቤቱ ነበር፤ ጨው አታብዢ ያለችው ደንበኛም ነበረች። ኤልሣቤጥ ደክሟት ኖሮ አሳጠረችው፦ ለበጎ ብዬ ነበር፣ የሆነው ሆኖ፣ አንድ ስሕተት ተፈጥሮ...

ቤዛ አንዴ ሳል አለች።

ኤልሣቤጥ ዞራ አየቻት። አንገቷን ደፋች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። «ጨዉን የደፋሁት እኔ ነኝ።»