ጠጠር የለመነው አለቃ

ሰው ጤና ይለምናል፣ ሲሳይ ይለምናል፣ ልጅ ይለምናል። የመጋዘኑ የጥበቃ አለቃ ግን የሆስፒታል አልጋ ላይ ተጋድሞ ፈጣሪውን የሚለምነው ጠጠር ነበር። ትልቅ ካልሆነ አላለም። የምስር ፍሬ የምታህል ትሁን፣ ብቻ ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ተገኝታ አልትራሳውንዱ ላይ ትታይለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ጠዋት የመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሳለ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ አንድ ነገር ቦርቡሮት ወደ ጀርባው ወጣ። ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት አቃተው፣ ጥበቃዎቹም ተሸክመው አመጡት። ደሙ ሲመረመር ቆሽቱ ክፉኛ ተቆጥቷል ተባለ።

«ቆሽቴን አሳረረው ሲባል ወሬ ይመስለኝ ነበር» አለ እግሩ ተሰብሮ አጠገቡ የተኛው የጭነት መኪና ሹፌር። «ለካስ እውነትም ያራል!»

ዶክተሯ ግን ለቀልድ ጊዜ አልነበራትም። «ይጠጣሉ?» አለችው፣ ገና ከመቀመጧ።

«ድሮ። ትቻለሁ።»

«እሺ» አለች። ይህችን «እሺ» አለቃ አሳምሮ ያውቃታል። መታወቂያ የሌለው ሰው በር ላይ መጥቶ «እዚሁ ነው የምሠራው» ሲለው እሱም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ለምን ጠየቁኝ?»

«ቆሽት በድንገት እንዲህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ መነሻው ወይ የሐሞት ጠጠር ነው፣ ወይ መጠጥ ነው። ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፣ እነሱ ግን ጥቂት ናቸው።»

ከዚያ ወዲህ ሕመሙን ረሳው ብንል ውሸት ይሆናል፤ እንዲያ ያለ ሕመም አይረሳም። ግን ከሕመሙ የባሰ ጭንቀት ገባበት። ልብስ ሰፊዋ አንድያ ልጁ የወለደች ሰሞን፣ አባቷ ሰክሮ መጥቶ የአራሷን ሕፃን አልጋ ተደግፎ ሊገለብጠው ሲል፣ «ከዛሬ ወዲያ አንዲት ጠብታ ከቀመስክ ይህችን ልጅ አታያትም» ብላዋለች። እሷ አለች ማለት አለች ነው። ሰውየውም ቃል ገባላት፣ ያን ቀን እንደተወ ተወ። የልጅ ልጁ አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን ይዛ መጋዘን ትመጣና ጥበቃዎቹን አሰልፋ የጫማቸውን ማሰሪያ ትቆጣጠራለች። ሳምንቱን ሙሉ የሚኖረው ለዚያች ቅዳሜ ነው። እናቷ ጨርቅ ልትገዛ ከሄደችበት ዛሬ ከሰዓት ትመለሳለች፤ መጥታ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች። ጠጠር ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘስ?

በዚህ ላይ የሚሰጡት ሕክምና አላማረውም። ከላይ የተሰቀለው ከረጢት ያው ውሃ መሳይ ፈሳሽ ነው፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ ይሰቀላል። አለፍ ካለ ማስታገሻ ይወጉታል።

«ዶክተር፣ ይሄ ውሃ ነው እኮ! ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ የለም?»

«ጀርም አልገባብዎትም። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የጥበቃ ኃላፊ ነኝ።»

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እንግዲያው እንግባባለን። ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ጭማቂ ይሠራል። ያ ጭማቂ አንጀት ሳይደርስ እዚያው ሥራ ጀመረና ራሱን ቆሽቱን መፍጨት ያዘ። ይሄ ጉዳት ነው፣ ሌባ ግን የለም። የሰውነትዎ ዘበኞች ይህን አላወቁም። ነጭ የደም ሴሎች አሉ አይደል? አንዱ ሲጮህ ሌላው እየሰማ፣ ሌላውም እየጠራ፣ ሁሉም ግር ብለው ገቡ። የሚመቱት ሌባ ሲያጡ ቤቱን መቱ። ካልበረዱ ሳንባና ኩላሊት ድረስ ይዘልቃሉ።»

አለቃ አንገቱን ደፋ። አምና ድመት ቆርቆሮ ጥላ ባስደነገጠች ጊዜ የእሱ ሰዎች በሙሉ መጋዘን ገብተው ያንን ሁሉ የብርጭቆ ካርቶን እንዳልነበረ አድርገውታል። ድመቷ አንድ ብርጭቆ አልነካችም። ደንቡን ያወጣው ደግሞ እሱ ራሱ ነው፤ አንድ ሰው ከጠራ ሁሉም ይመጣል፣ ጥያቄ የለም።

«ታዲያ እነሱን የሚያስታግስ መድኃኒት የለም?»

«ብዙ ተሞክሯል፤ እስካሁን ይሄ ነው ተብሎ የሚታዘዝ አልተገኘም። ጨርሰን ካስተኛናቸውም እውነተኛው ሌባ ሲመጣ ማን ይጠብቅዎታል? ፈሳሽ እንሰጣለን፣ ሕመሙን እናስታግሳለን፣ እንከታተላለን። አንቲባዮቲኩ ሌባው ከመጣ ይደርሳል።»

ዛሬ ጠዋት አልትራሳውንድ ክፍል ገባ። ባለሙያው ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዱ ላይ ቀብቶ ወዲያ ወዲህ አለና «ጠጠር አልታየኝም» አለ።

«እስቲ ደህና አድርገህ ፈልገው፣ ወንድሜ! በጎን በኩል እየው።»

«አንጀትዎ አየር ሞልቶታል፣ ይሸፍናል። ሲረጋ ደግመን እናያለን።»

«ከሰዓት ይረጋል?»

«ኧረ አይረጋም።»

አልጋው ላይ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሹፌሩ የሆነውን ሰምቶ ከልቡ አዘነለት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር ነበረኝ» አለው። «ባውቅ ኖሮ አስቀምጥልህ ነበር።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አለቃ ስልኩን አንስቶ ምክትሉ ጋ ደወለ። ምክትሉን በድምፁ የተነሳ ነጎድጓድ ይሉታል። «ጉድ ሆኛለሁ» አለው። «ልጄ ልትመጣ ነው፣ ሐኪሞቹ ደግሞ መጠጥ ነው ሳይሉ አይቀሩም።» ሌላ ቃል አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም።

ልጁ ከሰዓት የጨርቁን ጥቅል እንደተሸከመች ገባች። ግንባሩን ሳመችው፣ ትራሱን አስተካከለችለት፣ ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ዶክተሯን አነጋገረች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ «አባዬ...» ብላ ስትጀምር በሩ ተበረገደ።

ጥበቃዎቹ ናቸው። የሥራ ተራ የሌለው በሙሉ የደንብ ልብሱን ለብሶ መጥቷል፤ ግር ብለው ገብተው አልጋውን ከበቡት። አንደኛው የፈሳሹን መስቀያ በክርኑ ገፍቶ ሊጥለው ምንም አልቀረውም። ሌላው የሹፌሩን የተሰበረ እግር ተደገፈና የሹፌሩ ጩኸት ኮሪደሩን አናጋው።

«አለቃ አልጠጡም!» አለ ነጎድጓድ፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። «ምስክር ነን! የጥበቃ ዙር ላይ ነበሩ!»

«ዙር ላይ ነበሩ!» አሉ ሌሎቹ አንድ ላይ።

ልጅቱ ይህችን ዓረፍተ ነገር ታውቃታለች። ያኔ፣ አባቷ ግሮሰሪ ተደፍቶ እናቷ በስልክ ስታፈላልገው፣ እነዚህ ሰዎች በዚሁ ድምፅ የሚመልሱላት ይህንኑ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ እነሱም ለአለቃቸው ከመጮኽ ቦዝነው አያውቁም።

«ኃይለኛውን አንቲባዮቲክ ገዝተናል» አለ አንዱ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ። ከኋላ የቆመው የዋህ ደግሞ ነገሩን ላጠንክር ብሎ፣ «ቢጠጡም እንኳ ትንሽ ነው!» አለ።

ነጎድጓድ ዞሮ አፈጠጠበት፤ የተናገረው ሰውዬ ግን ምን እንዳጠፋ ገና አልገባውም።

አለቃ መርፌ የተሰካበትን እጁን አነሳ። ሊቆጣ አስቦ ነበር፣ ጉልበቱ ግን ከየት ይምጣ። ደግሞስ ማንን ይቆጣል? «ሂዱልኝ» አለ ቀስ ብሎ። «መድኃኒቱንም ውሰዱት። ስለ እኔ ማንም ምንም እንዳይናገር። ማንም።»

እያንሾካሾኩ ወጡ። ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ጆሮውን ግን አላዞረም።

«ጠጥተሃል?» አለችው ልጁ።

«አልጠጣሁም።»

«ጠጠርስ አገኙብህ?»

«አልታየም አሉኝ።»

«ታዲያ ከምን መጣ?»

አለቃ ጣሪያውን አየ። የሚለው ነገር ፈለገ። ድሮ እንዲህ ሲሆን ምላሱ ቀድሞት ይሮጥ ነበር፤ አሁን ግን ምንም ጠብ አልል አለው። «እኔ እንጃ፣ የኔ እናት» አለ። «አላውቅም። ምስክሮቼንም እንግዲህ አየሻቸው።»

ልጅቱ ጥቅሉን መሬት አስቀምጣ ወንበር ሳበች።

«ድሮ ስትጠጣ እኮ መልስ አጥተህ አታውቅም» አለች። «አውቶቡስ ይበላሽብሃል፣ ጓደኛህ ይሞትብሃል፣ የሞተው ጓደኛህ ደግሞ በወሩ እንደገና ይሞታል። እንዲህ ባዶ እጅህን ሆነህ ሳይህ የመጀመሪያዬ ነው። አምኜሃለሁ፣ አባዬ። ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ።»

የአለቃ እንባ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ።

«አመመህ እንዴ?»

«አዎ» አለ ፊቱን በአንሶላው እየጠረገ። «ሆዴን።»

ያንን ቃል ከገባላት ወዲህ የዋሻት ይህን ብቻ ነው። እሷም ነርሷን ልትጠራ አልተነሳችም፤ እጁን ይዛ ተቀመጠች።