ተራ ቁጥር አራት

መምህሩን ተማሪዎቹ «ሚዛኑ» ይሉታል፤ ለሁሉም ነገር «እስቲ እንመዝነው» ማለት ይወዳላ! የዛሬው ተመዛኝ ግን እሱ ራሱ ነው። የምክትል ርእሰ መምህርነቱን ወንበር ለማግኘት ይህ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቀርቶታል። ልትገመግመው የመጣችው ሱፐርቫይዘር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከኋላ ተቀምጣለች።

የዕለቱ ትምህርት «ሰው እንስሳትን በምን ይመዝናል?» የሚል ነው።

«ጀግናን ምን እንለዋለን?»

«አንበሳ!»

«አንበሳ ምን ሠርቶላችሁ ያውቃል?»

«ምንም!»

«ሰነፉንስ?»

«አህያ!»

«አህያስ ሰነፍ ናት?»

«ኧረ ስትሸከም ነው የምትውለው፣ ቲቸር!»

«አያችሁ? የሚበላንን አሞገስን፣ የሚሸከምልንን ሰደብን። ዋጋው ያለው እኛ አፍ ላይ ነው። ቃሉን ልብ በሉ፤ ትልቅ ሰው ያርፋል፣ ተራ ሰው ይሞታል፣ ከብት ይበክታል።»

ሱፐርቫይዘሯ ጻፈች። የሚዛኑ ልብ ቅቤ ጠጣ።

ይኼኔ የዘበኛው ልጅ እጇን አወጣች። «ውሻስ፣ ቲቸር?»

«ውሻም ይሞታል።»

«እዚህ ላይ ግን ይወገዳል ነው የሚለው።»

ከማስታወቂያ ሰሌዳ የነቀለችውን ወረቀት አምጥታ ሰጠችው። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ ነው፣ በእጅ የተጻፈ። ተራ ቁጥር አንድ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ስድስት፣ ይወገድ። ወረድ ሲል ተራ ቁጥር አራት፣ ያረጀ ውሻ፣ አንድ፣ ይወገድ።

ውሻው ሻምበል የሚባለው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከአባቷ ጋር በሩን ጠብቆ ጆሮው ደነቆረ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኞች መርዝ ይዘው ይመጣሉ።

«ይሄ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለች።

የእሱ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ ማን ሆነና! ሳያነብ ፈርሞ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። አንብቦታል፤ እንዲያውም ነጠላ ሰረዝ ጨምሮበታል። አፈረ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ግሩም የማስተማሪያ መርጃ!» አለች ሱፐርቫይዘሯ። «አስቀድመው አዘጋጅተውት ነው አይደል?»

አዎ ቢል አለቀ፣ ወንበሩ የእሱ ነው። አፉንም ከፍቶ ነበር። ልጅቷ ግን መልስ እየጠበቀች ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«አይደለም፤ የእውነት ነው። የፈረምኩትም እኔ ነኝ» አለ። እስክሪብቶውን አወጣና በተራ ቁጥር አራት ላይ «ገ»ን ሰርዞ «ደ» ጻፈበት። ይወደድ።

ሱፐርቫይዘሯ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። «ምን ነካዎት! ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ እኮ አይጸናም!»

«እኔም እሱን ብዬ ነው።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ መጡ፤ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «በዚህማ አንነካውም» ብለው ሄዱ። ሻምበል ከተኛበት ንቅንቅ አላለም። ርእሰ መምህሩ «ሰነድ ደላዥ!» እያለ ግቢውን በአንድ እግሩ አቆመው። ምክትልነቱ ለስፖርት መምህሩ ተሰጠ። ሰነዱ ስለፈረሰ ስድስቱ ወንበሮችም ሳይወገዱ ቀሩ፤ አንዱ ለሚዛኑ ደረሰው። ወንበር ተመኝቶ አልነበር? ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥበታል።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው። ሻምበል ሰባት ወር ኖረና አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ሥር ሞቶ ተገኘ። ሚዛኑ ክፍል ሲገባ ሰሌዳው ላይ በልጅቷ የእጅ ጽሕፈት «ሻምበል አረፈ» የሚል ተጽፏል። አንድም የሳቀ አልነበረም። ዳስተሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠውና የዕለቱን ትምህርት ከሥሩ ጻፈ።