ለእጅ የቀረበው መዝጊያ

ሚስቲቱ ጋዝ ትፈራለች። መፍራት ብቻ ቢሆን ደግ፤ አመል ሆኖባታል። ከቤት በወጡ ቁጥር በር ላይ ቆማ ባሏን «ሲሊንደሩን ዘግተሃል?» ሳትለው ቀርታ አታውቅም። እሱም «ኧረ ዘግቻለሁ!» እያለ ተመልሶ ይዘጋል። የትዳር ዘመናቸውን ሁሉ እንዲህ ነው የኖሩት።

ታዲያ ይህ ሰው፣ ልብስ ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ምን እንደለከፈው እንጃ፣ ጓሮው ውስጥ አውሮፕላን ሠራ! የክንፉን ጨርቅ በዚያው በስፌት መኪናው ሰፍቶ አለበሰው። ሠፈርተኛው «ካፒቴን» እያለ መቀለጃ አደረገው። ሚስቲቱ ግን አልሳቀችም፤ ባሏ በእሳት እንዳይሞትባት ነው ጭንቀቷ። የቤንዚኑ መዝጊያ ከወንበሩ በስተኋላ መሆኑን ያየች ዕለት ደሟ ፈላ።

«እሳት ሲነሳ እስክትዞር ይጠብቅሃል? አምጣና እጅህ ሥር አድርገው!»

እውነቷን ነው። ካፒቴን መዝጊያውን ነቅሎ ከጉልበቱ አጠገብ ተከለው። እጀታው እንደ ወጥ ቤቱ ሲሊንደር ቀይ ነው። እሷም እፎይ አለች።

የመጀመሪያው በረራ ቀን እሷ ከጎረቤቶቿ ጋር ቀድማ ሜዳው ላይ ደረሰች። ካፒቴን ከቤት የወጣው ኋላ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። «በሰላም ግባ» ልትለው ተጠጋች፤ ከአፏ የወጣው ግን የለመደችው ነው።

«ሲሊንደሩን ዘግተሃል?»

«ኧረ ዘግቻለሁ!»

ሞተሩ ቧንቧው ውስጥ በቀረችው ቤንዚን እየጮኸ አውሮፕላኑን አስሮጠው። ጎማው ከመሬት ሊላቀቅ ሲል ትን አለውና ጸጥ። አውሮፕላኑ ሜዳውን ጨርሶ አፍንጫውን ሣር ውስጥ ሰክቶ ቆመ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሬሳ ነበር የሚለቀመው።

እየሮጠች ስትደርስ ካፒቴን ቀዩ እጀታ ላይ አፍጥጧል።

«ዘግቼዋለሁ» አላት። «ስትጠይቂኝ እጄ በራሱ ሄዶ ዘጋው።»

አቅፋው አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። «የገዛ አፌ ሊገድልህ ነበር እኮ! ተመስገን፣ ተርፈህልኛል።» ወዲያው ሳቋ ተቋረጠ። «የቤቱንስ?»

ካፒቴን እጁን ገልብጦ አየው።

«ሻይ ጥጄ ነበር» አለ። «ይሄ እጅ ዛሬ የዘጋው አንዱን ብቻ ነው።»