በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል

ቴፑ ካሴቱን የበላው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ክሩን ለማውጣት ሞከርኩና እንዳይበጠስ ፈርቼ ተውኩት። ሁሉንም እንዳለ በፌስታል ይዤ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተሳፈርኩ። ታክሲው በተንገጫገጨ ቁጥር ትንፋሼን እየያዝኩ መካኒሳ አቦ፣ ጉርሜሳ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግንባት ሱቅ ደረስኩ።

ጉርሜሳ ክሩን በመቆንጠጫ ቀስ ብሎ አወጣው። አንድ ክንድ ያህሉ ተጨማዷል።

«እትዬ ወርቅዬ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የገረጡት? የዘፋኙን ስም ይንገሩኝ፣ ከኢንተርኔት በሁለት ደቂቃ አወርድልዎታለሁ።»

«የለም። ልጄ ሚካል ሁለት ዓመት ፈልጋ አጥታዋለች።»

አልበሙን በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ያወጡት አሜሪካውያን ከዚያ በኋላ ተበትነዋል። ባለቤቴ መኩሪያ ሸክላውን ለአንድ ቀን ተውሶ፣ ቴፑን ከድምፅ ማጉያው ፊት ደቅኖ ቀዳው። ያኔ የምንቀዳው እንዲህ ነበር፤ ሸክላው እስኪያልቅ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ጓደኞቹ «የእንቅልፍ ሙዚቃ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔም በመጀመሪያ አልወደድኩትም። ዘፋኙ አይጮኽም፣ ከበሮው በጭንቅ ይሰማል። እነዚህ ሰዎች የሚችሉትን ሁሉ እንደማያሳዩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አራተኛው ዘፈን ላይ ጊታሩ በሚጠበቅበት ቦታ አይገባም፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ብቻ ይመጣል።

«የቱ ጋ ነው የያዘው?» አለ ጉርሜሳ።

«ሦስተኛው ዘፈን እንዳለቀ።»

«እድለኛ ነዎት! እዚያ ጋ ባዶ ነው።» መቀስ አነሳ። «የተጨማደደውን ቆርጬ እቀጥለውና ወደ ፍላሽ እገለብጥልዎታለሁ። እሱን እያዳመጡ ይተኛሉ።»

መቀሱ ሲከፈት አስቆምኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚካልም ቢሆን።

«ባዶ አይደለም» አልኩ። «ሲቀዳ መኩሪያ ዝም ማለቱን ረስቶ ተናግሯል። ሌላ ድምፁ የለኝም።»

መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

«ሳልቆርጥ ካጫወትኩት ሊበጠስ ይችላል። ማሽኑ እንደገና ከያዘው ደግሞ ቀጥሎ ያለውንም ዘፈን ይዞት ይሄዳል። ከቆረጥኩት ዘፈኖቹ በሙሉ ይተርፋሉ። ምን ይሻላል?»

መኩሪያ በሕይወት ኖሮ ብጠይቀው ሳያመነታ ዘፈኖቹን ይል ነበር።

«ያጫውቱት» አልኩ። አልሰማኝም መሰለኝ፣ ደገምኩለት።

ክሩን በለስላሳ ጨርቅ ደጋግሞ አሻሸ። ካሴቱን ሌላ ቴፕ ውስጥ ከቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ካደረገ በኋላ አወለቀና ሰጠኝ።

«እርስዎ ይስሙ። እኔ ክሩን አያለሁ።»

ሦስተኛው ዘፈን አለቀ። ድምፁ ውሃ ውስጥ እንደገባ ታፈነ፣ ሰመጠ። የጉርሜሳ ጣት ማጥፊያው ላይ ነበር። ምንም አልመጣም። ዘገየ፣ ጠፋ፣ በገዛ እጄ አጠፋሁት ብዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጥኩ።

«ወርቅዬ፣ ትንሽ ቆዪ» አለ መኩሪያ፣ በሹክሹክታ። «አሁን ይመጣል።»

አራተኛው ዘፈን ጀመረ። ዘፋኙ ሁለት ስንኝ እንኳ ሳይጨርስ ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲጢጥ አለ፤ ጉርሜሳ ማጥፊያውን ተጫነ። ክሩ ከማሽኑ ተጠምጥሞ ወጣ።

«ተቀድቷል?» አልኩ።

ወደ ኮምፒውተሩ አየ። «እስከዚህ ድረስ ተቀድቷል። አራተኛው ግን ተበላሽቷል፣ እትዬ። አዝናለሁ።»

«አውቃለሁ» አልኩ። ማዳመጫውን ግን አላወለቅኩም።